ጎኗ የተረሳባት መኪና

ውድ ኦሬስቴ፣

«ይቺን የነደፈው ሰውዬ ግራና ቀኙን አያይም!»

ይህን ያለው ሌአርኮ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዶሪና ቡና ቤት ውስጥ፣ ጋዜጣውን በሁለት እጁ ወጥሮ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዕድሜዋን ሙሉ ላቲን ስታስተምር የኖረች ሴት የተነገራትን ቃል እንዳለ የመውሰድ ልማድ አለባት። ማኪያቶዬን አስቀመጥኩና ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

የነደፍካት አዲስ መኪና ፎቶ የወጣው በዚያው ዕለት ነበር። እንደምታውቀው እኛ መንደር ሰው ስለ መንግሥት ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ስለ መኪና ፓራፋንጎ ሲጠየቅ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጡረተኞቹ በሙሉ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ሬሳ እንደሚሰናበት ዘመድ ጋዜጣው ላይ አጎንብሰው ነበር። እኔም ልጠጋ ስል ዳሌዬን ከጠረጴዛ ጥግ ጋር አጋጨሁት። ዶሪና ጠረጴዛዎቿን በየሳምንቱ ታዘዋውራለች። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ ትስቅብኛለች። ዳሌዬ በልዞ የአውሮፓ ካርታ መስሏል።

«አፍንጫዋን ተመልከቱ» አለ ዌርተር፣ ፀጉር አስተካካዩ። «አፍንጫዋ ላይ ያልሠሩት ነገር የለም። መስመር፣ ቀዳዳ፣ እጥፋት፣ እንደገና መስመር። ከበሩ በኋላስ? ምንም! እንደተላጨ ጉንጭ።»

«ስለ መላጨት እንኳ አንተ ባትናገር ይሻላል» አለው ሌአርኮ። «የኔን ጆሮ አብረህ ላጭተኸው የለ።»

«ጆሮህ በዝቶ ነበር፣ ቀነስኩልህ።»

«ዝም በል! እኔ ዕድሜዬን ፖስታ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው የሌለበትን ቤትና ሰው እያለ የማይከፍትበትን ቤት ከደጁ ነው የምለየው። ይሄ ጎን ባዶ አይደለም፣ የተረሳ ነው። ሰውዬው መሀሉን አይቶ ጨረሰና ዳሩ መኖሩን ዘነጋው።» መጀመሪያ ላይ የጻፍኩልህን ያቺን ዓረፍተ ነገር የጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

«ኧረ ተዉ፣ እህቱ ቆማ እየሰማች!» አለች ዶሪና።

ሌአርኮ ኮፍያውን ነካ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት፣ ወንድምዎን ማለቴ አይደለም። ማለቴስ ነው፣ ግን በክፋት አይደለም።»

የሰበካው ቄስ ዶን ኤርሜስ ሲገቡ አስተያየት ተጠየቁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ቆንጆ ናት» አሉ። «ግን አንድ ሰው ልትወስድ የምትመጣ ነው የምትመስለው።» ከዚያ ቡናቸውን ጠጥተው ወጡ። ማንም አልሳቀም።

ቤቴ ስገባ የሚላኖውን የመኪና መጽሔት ገለጥኩ። እዚያ የሚጽፈው ሰው፣ ለዓረፍተ ነገሩ የሚከፈለው፣ ምን ይላል መሰለህ? «ነዳፊው ከፊት እንደ ጎርፍ ይናገራል፤ ጎኗ ላይ ሲደርስ ግን ዝምታን ይመርጣል። ይህ ድፍረት ነው።» የሚላኖ ሊቅና የኛ መንደር ፖስተኛ በአንድ ነገር ሲስማሙ በሕይወቴ ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው። አንዱ ዝምታ ብሎ ጠራው፣ ሌላው መርሳት። እኔ ስሙን አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ።

አባባን ሁለታችንም እናስታውሰዋለን፣ አንድ ላይ አስታውሰነው ግን አናውቅም። የወተት መኪናውን ይዞ በቦዩ ዳር ወደ አይብ ቤቱ ሲሄድ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ኒቬስ በብስክሌት ከቀኝ በኩል መጣች። ጉም አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲደጋግመው የኖረው ይህንኑ ነው፣ በዚያ ጠዋት ጉም አልነበረም። አባባ ከመኪናው ወርዶ፣ የተጣመመውን ብስክሌት እያየ፣ አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር፦ «ከየት መጣች?» እስኪሞት ድረስም ሌላ አላለም። ሾርባ እየጠጣ፣ ካርታ እየተጫወተ፣ ድንገት ቀና ይልና፦ «ግን ከየት መጣች?»

የአባባ የዓይን ሐኪም የነገረንን ትዝ ይልሃል? በሽታው ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ መሀሉን ለመጨረሻ ይተወዋል። ለዚህ ነው ሕመምተኛው የማያውቀው። የቀረችውን ቁራጭ አጥርቶ ስለሚያይ ሁሉን የሚያይ ይመስለዋል። «ከሁለት ልጅ አንዱ ሊወርሰው ይችላል» አለና ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥነውን ሁለት ልጆች ተራ በተራ አየን። እኔ የዚያን ጊዜ አንተን አየሁህ። ዕጣ ስንጥል ሁልጊዜ የሚወጣው አንተ ላይ ነበር።

አሁን ወደኋላ ስመለከት ምልክቱ ሞልቷል። የገና ዕለት፣ የቶርቴሊኒው ሾርባ ሳይቀርብ፣ ወይን የሞላ ብርጭቆ ላቀብልህ እጄን ዘረጋሁ፤ ብርጭቆው በሁለታችን እጅ መሀል ወደቀ። «እጄ እኮ እዚህ ነበር!» አልክ። እኔ ጨርቅ አመጣሁ። ያንኑ ቀን ደረጃው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተላተምን። «አንቺ ሴትዮ፣ ደረጃውን ገዝተሽዋል እንዴ?» ብለህ ሳቅክ። በየካቲት ሞዴና ባቡር ጣቢያ ስጠብቅህ ደግሞ ድንገት አጠገቤ ተገትረህ አገኘሁህ። ደንግጬ «ከየት መጣህ?» አልኩህ። «እህት ዓለም፣ ከዚያ ማዶ ጀምሮ እጄን እያወዛወዝኩልሽ ነው እኮ የመጣሁት» አልክ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል፤ በጨለማ የሚሄድ ሰው እጁን የሚያወዛውዘው እንደዚያ ነው።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። መኪናዋ ታምራለች። ልጅ ሆነህ በኔ የላቲን ደብተር ጀርባ ላይ መኪና ስትስል ቆጥቼህ ነበር፤ ከተቆጣሁህ በኋላ ግን ገጾቹን ቀድጄ አልጣልኳቸውም። የዚያን ጊዜ መኪናዎችህ ጎን ብቻ ነበራቸው፤ ፊት መሳል አትችልም ነበር። ዛሬ ፊት ብቻ ያላት መኪና ሠራህ። ፊቷን ሳየው አንድ ሰው በጠባብ ቀዳዳ ዓለምን በሙሉ ለማየት ሲታገል ይታየኛል። ጋዜጣውን ወጥ ቤት ሰቅዬው ነበር፤ ትናንት አወረድኩት። ባለፍኩ ቁጥር የምታየኝ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።

እሑድ የመንደራችን ቅዱስ በዓል ነው። ንድፍ አውጪው ራሱ እየነዳ ከድልድዩ እስከ አደባባዩ ያመጣታል የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ሁሉ ላይ ተለጥፏል። ሕዝቡ የት እንደሚቆም አስበኸዋል? መሀል መንገድ ላይ አይደለም። ግራና ቀኝ ነው የሚቆመው። ዌርተር የልጅ ልጆቹን ከሁሉም ፊት ሊያስቀምጣቸው ወስኗል፤ «ጎኗን እጃቸውን ዘርግተው እንዲነኩት» ይላል። ይህን ሲል ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። እኔ ኒቬስ ትዝ አለችኝ።

ስለዚህ ትናንት ለአለቃህ ለኢንጂነር ቦንዳቫሊ ደወልኩለት። አስቀድሜ አንተን ብጠይቅ «ደህና ነው የማየው» ትለኛለህ፤ አባባም የሚለው ይህንኑ ነበር። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አልሳቀም።

«እርግጠኛ ነዎት መምህርት? ይህ ቀላል ነገር አይደለም።»

«በዓይኔ ያየሁት ነው» አልኩት።

«እንግዲያው እሑድ ሌላ ሰው ይነዳታል። የቀረውን ደግሞ እናያለን» አለኝ። «እናያለን» የሚለው ቃል ከአለቃ አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ብዕርህን፣ ጠረጴዛህን፣ ስምህን ልወስድብህ እንደምችል አውቄ ነው ያደረግኩት። ልትጠላኝ ትችላለህ። የአንዲት ልጅ ብስክሌት እያየህ ዕድሜህን ከምትጨርስ እኔን ስትጠላ ብትኖር ይሻለኛል።

ይህን ደብዳቤ በወረቀቱ መሀል በጠባቡ የጻፍኩት ዳር ዳሩን ስትፈልግ እንዳትደክም ብዬ ነው።

ደግሞም ብቻህን አልተውህም። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ሳይወጣ በትንሿ መኪናዬ መጥቼ እወስድሃለሁ። የቀኙ ስፖኪዮዋ የለም፤ ባቆምኳት ቦታ አንዱ ባለጌ ገንጥሎት ሄደ፣ በዚህ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ። ግድ የለም፣ ድሮም አልመለከተውም ነበር። በቦዩ መንገድ እንመለሳለን፤ እሑድ ጠዋት ከብስክሌተኞች በቀር ሰው አይሄድበትም። አጠገቤ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍን። ከእንግዲህ መንዳት ካስፈለገ እኔ አለሁልህ።

ከማንም በላይ የማይህ እህትህ፣
ዮሌ

ይህችን የምጨምረው ቴምብር ልገዛ፣ ቴምብርም ወደምትሸጠው ወደ ዶሪና ገብቼ ነው። እንደገና ዳሌዬን ተመታሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን ተናደድኩና «አንቺ ዶሪና፣ እነዚህን ጠረጴዛዎች ማዘዋወር መቼ ነው የምትተዪው?» አልኳት። እንደ ሌላው ጊዜ አልሳቀችም። ከባንኮኒው ወጥታ፣ ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን እግር አሳየችኝ። ከመሬት መንቀጥቀጡ ዓመት ጀምሮ ሁሉም ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው።