የባሕሩ ዳር ደወል ቤት

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ደብተሬ ሆይ፣ እኔ ኃጥእት ዝናሽ ባንቺ ፊት እናዘዛለሁ፦ አያቴን አባየን ዋሸሁ። ትንሽየ ውሸት ናት።

አጎቴ ፍኖተ ሰላም ከተማ አንድ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲያራግፍ የገዛውን የጥንት ፎቶ ሳሎን ሰቀለ። ጥቁርና ነጭ። የፈረንጅ ባሕር ዳርቻ፣ የተደረደሩ መዝናኛ ቤቶች፣ ጃንጥላ። ጫፉ ላይ ለመርከብ መብራት የሚያበራ ረጅም ነጭ ማማ። አባየ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ማማውን ብቻ አይተው የየትኛው ገዳም ደወል ቤት ነው አሉ። አፌ ቀደመኝ። የደሴት ገዳም ነው፣ ጠበሉም ለዓይን ፍቱን ነው አልኳቸው።

ተሳለሙት! ፎቶውን! ትራስ ነክሼ ሳቅሁ።

ዓርብ፣ ከት/ቤት መልስ

ሳቁ አለቀ። የሞራ ሐኪሞች ፍ/ሰላም መጥተዋል፤ ሰኞ የአባየ ተራ ነው። ካመለጠ ደግሞ መቼ እንደሚመጡ እንጃ። አባየ ግን ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ገዳሙ ውሰዱኝ ብለው ድርቅ አሉ። እማየ ታለቅሳለች። አጎቴ ገዳሙ የት ነው እያለ ላገር ምድሩ ይደውላል (ፎቶውን የገዛው እሱ!)። ጎረቤታችን እማሆይ ደግሞ በወጣትነታቸው ሄደው ያውቁታል። ጠበሉ ይቀዘቅዛል አሉ። ውይ ትልልቅ ሰዎች!

ቅዳሜ፣ ማታ

ነገርኳቸው። ገዳም አይደለም፣ ፈረንጅ ልብሱን ጥሎ ፀሐይ የሚሞቅበት ነው አልኳቸው። ዱላው መጣ ብየ ራሴን ያዝኩ።

አባየ ግን ሳቁ። ለካ የዚያኑ ዕለት አውቀዋል! ትንሿን እህቴን ምን ይታይሻል ቢሏት፣ ጭኗን የገለጠች ሴትዮ ብላቸዋለች። እማሆይ ሲያወሩማ አባየ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲስቁ ነበር።

ታዲያ ገዳም ውሰዱኝ ያሉት ለምን? ብላቸው ድምፃቸው ወረደ። ዓይን ላይ ቢላ። ፈርተዋል። በሬ ጠልፈው የሚጥሉት አባየ።

«እጄን ከያዝሽልኝ እገባለሁ። ለእናትሽ ፈራ ብትያት ግን ወዮልሽ!»

እሑድ

እማየ አትሄጅም አለች። ነገ የሒሳብ ፈተና አለሽ አለች። ምክንያቱን እንዳልነግራት ምያለሁ። አባየ ራት አልበሉም።

ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ቡሬ መናኸሪያ። የፍ/ሰላም ሚኒባስ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ነኝ። ፈተናው ይቅር፣ ወስኛለሁ። ረዳቱን ዝም በል ብየ በዓይኔ ለመንኩት።

መጡ። እማየ ገባች። አባየ በሩ ላይ ቆሙ። አንድ እግር ውስጥ፣ አንድ እግር መሬት። ረዳቱ ቶሎ በሉ አባባ ይላል። እማየ እጃቸውን ትጎትታለች። የለም፣ ቤቴ መልሱኝ አሉ። የገባውም እግር ሊወጣ ነው።

ጆንያውን ገፋሁት። እማየ ዞረች።

«ዝናሽ! አንቺ ዝናሽ!»

ያ መሬት ላይ የቀረው እግር ገባ።