የፓይለቶቹ ሙሴ

ልጄ እድላዊት፣ ስትነሺም ስታርፊም ልደታ ማርያም አትለይሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል።

በሰው አገር «ለምርጫ ቀረብኩ» ስትዪኝ ክው አልኩ፤ ፖለቲካ መስሎኝ። ጎረቤታችን ታየች ሳቀችብኝና፣ «እትዬ፣ የባልደረቦቿ የፓይለቶቹ ተወካይ ሆና ብሶታቸውን ለአለቆቹ ልታቀርብ እኮ ነው። እንደ ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ በያት!» አለችኝ።

እሷ ያረጋጋችኝ መስሏታል። እኔ ግን በተራዬ ሙሴ ሆኜ ማኅበሩን ስመራ አይቼዋለሁ። ሴቶቹ «ድግሱ በዛ፣ ከበደን» እያሉ በጆሮዬ ሲያንሾካሹኩ ከርመው፣ ነገሩን ቄሱ ፊት ባነሳው፣ «ኧረ እኛ መች አልን?» ብለው ጠላቸውን ጠጡ። ብቻዬን ቀረሁ። እኔስ ያጣሁት ነገር የለም፤ አንቺ ግን ሥራሽን ብታጪስ? ይኸው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

ተዪው አልልሽም። ብቻ አለቆቹ ዘንድ ለብቻሽ አትግቢ፤ በጆሮሽ ያንሾካሾከው ሰው አብሮሽ ይግባ።

የሚሰማ አለቃ፣ የማይክድ ባልደረባ ይስጥሽ። ውጤቱን እንደሰማሽ ደውዪልኝ። ካልተመረጥሽ ደስ እንዳይለኝ እየጸለይኩ ነው።

እናትሽ