በእግረኛው በር ላይ ስለተሰቀለው ሳጥንና ከሥሩ ስላለው ጉድጓድ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ በተለይም የዳሌዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አንድ ተራ ነዋሪ ስለ ከንቲባ ዳሌ ምን አገባው ይሉ ይሆናል፤ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። ለጊዜው ግን መኪናዎ እስከ ቢሮዎ ደረጃ ድረስ ይዞዎት ስለሚገባና በእግረኛው በር በኩል ስለማያልፉ ሙሉ ጤነኛ እንደሆኑ አምናለሁ፤ ደስም ይለኛል።

እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ በር አርባ እርምጃ ዝቅ ብሎ ሱቅ ያለኝ አናጢ ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት እንኳ ሥራዬን አይዘነጉትም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በእግረኛው በር ጎን የተሰቀለውንና እርስዎ ራስዎ ሪባን የቆረጡለትን የአስተያየት መስጫ ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ባደረጉት ንግግር ከእንግዲህ የነዋሪው ቃል አንዲቷም መሬት ጠብ አትልም ብለው ሲያበስሩን ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ያጨበጨብኩት ለማጠፊያው ነው፤ ሲከፈት ሲጥ የማይል ማጠፊያ ገጥሜለት ነበር።

መዝገብ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማይወድ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ ስለተማርኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ክዳኑ። የዛሬ ስምንት ወር ከበላይ አካል እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ከተማው ሽር ጉድ ሲል፣ በግቢዎ ውስጥ የቆመው "እርስዎን ለማገልገል ተግተን እንሠራለን" የሚለው ሰሌዳ በነፋስ እየወደቀ አስቸገረ። አንድ ብልህ ሠራተኛዎ መላ ዘየደ፤ በእግረኛው በር ፊት ለፊት ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሸፈነውን የሲሚንቶ ክዳን አስነሥቶ፣ ወደ ግቢው አስገብቶ፣ ኖራ አስቀብቶ የሰሌዳው እግር ላይ ጫነበት። እንግዶቹ መጡ፣ ሰሌዳውን አነበቡ፣ ሄዱ። ክዳኑ ግን ሥራውን ስለለመደ ይመስለኛል እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው አንድም ቀን አለመውደቁን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ፣ ስለዚህ ጽኑ አቋምዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. የወደቀችው ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ እናታችን ከሞተች ወዲህም እኔን ያሳደገች ሴት ናት፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት ቢሞላኝም ዛሬም "አንተ ልጅ" ነው የምትለኝ። በወረቀት ታምናለች። ክዳኑ በተነሣ በሦስተኛው ቀን ቀንና ጉዳዩ የተጻፈበት፣ ኅዳጉ የተስተካከለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጀች፤ ጉዳዩም "ሰው ከመውደቁ በፊት የቱቦውን ክዳን ስለመመለስ" የሚል ነበር። ጉድጓዱን በጥንቃቄ ዞራ ደብዳቤውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ስትመለስ፣ ከግቢው የወጣ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ጥሩንባ ሲነፋባት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች፤ ገባች። አንድ ነዋሪ ያቀረበው አስተያየት በአንድ ደቂቃ ውስጥ በተግባር ሲረጋገጥ በሕይወቴ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ቅልጥፍናው የሚደነቅ ነው።

ለባለጉዳይ ሁሉ ከሚሰጠው መልስ የተነሣ "ስብሰባ ናቸው" ብለን የምንጠራው የበሩ ዘበኛ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ተንበርክኮ አውጥቷታል። በማግስቱ ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታውን ለቆ በመገኘቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

የእህቴ የዳሌ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ታክሞ ገጥሟል። አሁን ሐኪሟ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ወጥታ ረጅም መንገድ ካልተራመደች እግሯ እንደደረቀ ይቀራል። መንገዳችን ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል የግቢዎ አጥር፣ በሌላ በኩል መኪና፣ መሐል ላይ ጉድጓድ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሊዞረው አይችልም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትራመዳለች፤ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋዋ አሥራ አንድ እርምጃ። የምትቆጥረው ጮክ ብላ ነው።

3ኛ. ይህን አይቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልቻልኩ፣ ግማሽ ቀን ሠርቼ ከጠንካራ ጣውላ ክዳን ገጠምኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው በላዩ ተመላለሰ፤ እህቴም በመስኮት አይታ ጫማዋን አስወለወለችኝ። በሦስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎችዎ መጥተው "በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ" ብለው አፍርሰው ጫኑት። ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ የሚገነባበትን ቦታ የይዞታ ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። ጉድጓዱ በእኔ ስም እንዳልሆነ፣ ወላጆቼም ጉድጓድ እንዳላወረሱኝ ባስረዳ፣ "እንግዲያስ ምን አገባህ?" አለኝ ባለሙያው። ይህን ያህል ጥርት ያለ መልስ ከመንግሥት ቢሮ አግኝቼ ስለማላውቅ አመስግኜው ወጣሁ።

4ኛ. ባለፈው ወር በአዳራሽ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ባማረ ድምፅ ሪፖርት አነበቡልን። "በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ በኩል ከተሰበሰቡት አስተያየቶች ዘጠና አራት ከመቶው ነዋሪው በአገልግሎታችን መርካቱን ያሳያሉ" አሉ። ማታ ለእህቴ ስነግራት እርምጃዋን አቋርጣ መስኮቱን ተደግፋ፣ "የእኔዋ ደብዳቤ ከዘጠና አራቱ ናት ከስድስቱ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ስትጠይቀኝ የሳጥኑ ሁለቱም ቁልፎች ሱቄ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅለው ነበር።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔ ጋ ናቸው። ሳጥኑን ባስረከብኩ ዕለት ቁልፎቹን ስዘረጋላቸው የንብረት ክፍል ኃላፊው የግዢ ትእዛዙን መስመር በጣታቸው ተከትለው፣ "ሳጥን አንድ፣ ጓጉንቸር አንድ ነው የሚለው። ቁልፍ የሚል የለም። ያልተጻፈ ንብረት አልረከብም፤ አንተው ጋ ይቀመጥ፣ ሲፈለግ ትጠራለህ" አሉኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አራት ጊዜ ያንኑ መስመር አሳዩኝ። ጓጉንቸሩ እስከ ዛሬ አልተሰበረም፣ ያ ሲጥ የማይል ማጠፊያዬም አንድም ቀን አልተከፈተም። የታጠፈ ወረቀት ሁለት ጣት ውፍረት ባለው ጣውላ አሳልፎ አንብቦ፣ ከመቶ አስልቶ የሚያወጣ ባለሙያ ከተማችን ስላላት እንኳን ደስ ያለዎት።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። የቢሮዎችዎን ወንበርና ጠረጴዛ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ሳጥኑን የሚከፍት ሰው እንደሌለ ለእህቴ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እዚያ በር ድረስ ባልሄደች ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ቢሆን እንቅልፍ በወሰደኝ፤ ግማሹ የእኔ ነው። ይህን ባለፈው እሑድ ፊቷ ቆሜ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም" አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ቅጂ ደብዳቤ አውጥታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን አንዱን ግን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስቀምጠው የለም ብላ አምና ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታ ይጠየቅም፣ ሪፖርቱ ይታረምም አልልም። ሰሌዳዎን ሌላ ድንጋይ ጭነውበት ክዳኑን ወደ ቦታው ይመልሱልኝ። አራት ሰው ያነሣዋል፤ ከሰሌዳው እስከ ጉድጓዱ ሃያ ሦስት እርምጃ ነው፣ ለክቻለሁ።

ዕድሜና ጤና ለእርስዎ፣ ነፋስ የማይደፍረው ጽናት ለሰሌዳዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጉድጓዱን በሩቁ ዞሬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
የሳጥኑ አናጢ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣ "ደብዳቤ አንድ" ተብሎ እንዲመዘገብ
ለበሩ ዘበኛ፣ ለቀበቶው ከምስጋና ጋር
ለአስተያየት መስጫ ሳጥኑ፣ ማንም እንዳያየው

ከፊርማዬ በኋላ፦ ትናንት ቁልፎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ ላስገባ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀብላ አገላብጣ አየቻቸውና፣ ከወረቀት በቀር አባሪ እንደማይቀበሉ ገልጻ፣ "የአስተያየት ጉዳይ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይክተቱት" አለችኝ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና አንደኛውን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሁለተኛው በእህቴ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ለማንም አልሰጥም፣ እኔው ራሴ ለከንቲባው በእጃቸው አስረክባለሁ ብላለች። ነዋሪው ምን እንደጻፈልዎ ለማንበብ የፈለጉ ዕለት ጉድጓዱን ይክደኑላት፤ በእግሯ ይዛልዎ ትመጣለች።