ብልቃጦቻችንን በክዳናቸው ቀለም ለደረደሩልን የንብረት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የንብረትና ጽዳት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደህንነት፣ ከእጅዎ ለማይለየው ፎጣም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት ለላቦራቶሪያችን የዋሉትን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ።

እኔና የሥራ ባልደረባዬ የምንመረምረው፣ በእርጅና ጊዜ አንድ ኢንዛይም በየትኛው የአንጎል ንብርብር እንደሚበዛና በየትኛው እንደሚያንስ ነው። ለዚህም ዕድሜ ልኩን «ሽማግሌው» እያልን ያሞላቀቅነው አይጥ ሲሞት፣ የአንጎሉን ግማሽ አቀዝቅዘን ከላይ ወደ ታች በስሱ ቆራርጠን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በየራሱ ብልቃጥ አስቀመጥን።

1ኛ. እንግዶች ስለሚመጡ ብልቃጦቹን በክዳናቸው ቀለም ስላሰለፉልን እናመሰግናለን። በብልቃጥ ላይ የተጻፈ ቁጥር በውርጭ ስለሚለቅ ተራቸውን የጻፍነው መደርደሪያው ላይ ነበር። አሁን ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ጋር በፍቅር ተቀምጧል፤ የላይኛው ንብርብር የቱ፣ የታችኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ፈጣሪ ብቻ ነው።

2ኛ. ብልቃጦቹን ከማቀዝቀዣው አውጥተው አንድ በአንድ በፎጣ ስላደረቁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኛ ሞኞቹ፣ ኢንዛይሙን ሙቀት እንዳያበላሸው ብለን ጓንት በጓንት ደርበን ስንርበተበት ኖረናል።

3ኛ. ባልደረባዬ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ስታለቅስ አይተው፣ ሥራዎ ስለሆነ ይህን ያህል መደሰት እንደማያስፈልጋት በትሕትና ስለነገሯት እግዜር ይስጥልን።

ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ አርሯል። የእህቴን ያህል የማያት የዚህች ልጅ መመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የቀረን ደግሞ የሽማግሌው አንጎል ሁለተኛ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላ አይጥ እስኪያረጅልን እሷም አብራው ታረጃለች። ዛሬም እንግዶች እንደሚመጡና እርስዎም ከጠዋት ጀምሮ ክፍሎቹን እየዞሩ እንደሚያሰናዱ ስለሰማን፣ በር ላይ ያሉትን ጫማዎች፣ ወንበሮቹን፣ ካስፈለገም እኔን ራሴን በቁመት እንዲደረድሩ እየፈቀድን፣ ማቀዝቀዣውን ግን እንዲምሩልን እግርዎ ላይ ወድቀን እንለምናለን።

በጽዳትዎ ተደንቄ፣ በትጋትዎ ደንግጬ፣ ለክብርዎ እጅ የምነሳው፣
ከማቀዝቀዣው አጠገብ የሚቀመጠው ተመራማሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ወረቀት በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ጠማማ አድርጌ የለጠፍኩት አውቄ ነው፤ ሳያቃኑትና እስከ መጨረሻው ሳያነቡት እንደማያልፉ አላጣሁትም። እዚህ ቆመው ስለቆዩልን እጅግ እናመሰግናለን፤ በዚህ መሀል ባልደረባዬ ሁለተኛውን ግማሽ ቆራርጣ፣ በተራ ደርድራ፣ የመለኪያውን ክፍል ከውስጥ ቆልፋለች። እባክዎ አያንኳኩ።