ማንም ያልነካው መስታወት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ከጧቱ 3 ሰዓት
የቶለራ መድኃኒት ተሰጠ። ገንፎውን ግማሹን በላ። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸው ነበር፤ ፈትቼ አስተካከልኩ። የልጃችንን የሌንሳን ስም ሳይሳሳት ጠራ። ደህና ቀን ነው።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
ደህና ቀን አይደለም። የሳሎኑ የመስኮት መስታወት ፈነዳ። ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር፤ ተኩስ መሰለኝ። ስገባ ከወለል እስከ ጣሪያ የነበረው መስታወት የለም። እንደ ተከሰከሰ አሞሌ ጨው ወለሉን ሞልቶታል። ቶለራ ወንበሩ ላይ ነው፤ ፍርፋሪው ጭኑ ላይ። አልቆረጠውም፣ ተመስገን። ምን ሆነ አልኩት። ፍርፋሪውን ያያል።
ከዘራው ጓሮ ነው፤ ጫፉን አጥቤ ፀሐይ ላይ ያኖርኩት ራሴ ነኝ። ጋቢውም እግሩ ላይ እንደጠቀለልኩት ነው። አልተነሳም። ይህን አንተ ያዝልኝ፣ ማስታወሻዬ። ምስክር ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ጉዲሳ መጣ። ሱቁ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው፤ መስታወቱን ባለፈው ዓመት የገጠመው እሱ ነው። ገንዘቡን የላከችው ሌንሳ ናት፣ አባቷ ተቀምጦ ውጭውን እንዲያይ። ያኔ፣ ቴምፐርድ የሚባል በእሳት የጠነከረ መስታወት ነው፣ ኳስ ቢመታውም አይሰበርም ብሎን ነበር። ዛሬ በአክብሮት አዴ እያለኝ፣ የሆነ ነገር መትቶት ይሆናል ይላል። ዓይኑ ቶለራ ላይ ነው። ማን መታው ስለው ጫማውን አየ።
ቆይቶ አመነ። እንዲህ ያለ መስታወት አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ይፈነዳል፤ ዲጋ ከተማም አንድ ቤት ላይ ደርሷል። ሲገጠም ጠርዙ ተጭሮ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጉድፍ ገብቶበት ከሆነ መስታወቱን የሸጠለት ነጋዴ። ግን ሁሉም ፍርፋሪ ሆኗል፤ ከፍርፋሪ ማን ምን ይለያል? የአዲስ አበባው ነጋዴ በስልክ ስቆበታል። ዋስትናው የተመታን አይጨምርም ብሎ ዘጋው።
በሽማግሌ ይታይ አልኩ። ለእሑድ ተቀጠረ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 5
ሌንሳ ደወለች። የሆነውን በቀጥታ ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ አባባ ነው የሰበረው? አይደለም አልኩ። መስታወት በራሱ አይሰበርም፣ እማዬ፣ አለች፤ እንደ ሕፃን እያባበለች። ዕቃ መስበር ከጀመረ እኔን መምታቱ አይቀርም ባይ ናት፤ እሷ ባለችበት ከተማ ነርስ ያለበት የአረጋውያን ማረፊያ አይታለች። ለእሱ ብቻ።
እዚህ እስከ በሩ ድረስ ያለውን መንገድ እግሩ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ሰላም የሚለው ሰው አለ። እዚያ ወስደው ቢያስቀምጡት በወር ውስጥ እኔንም ይረሳል።
ወጡ አረረብኝ። በዚህ ቤት ወጥ አርሮ አያውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 8
የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅጅራና ሁለት ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ቶለራ ኮቱን አድርጌለት አጠገቤ። ፍ/ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራም፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ እንዲህ ካለ ጉባኤ ቀርቶ አያውቅም፤ ያኔ ግን ከሚዳኙት ወገን ነበር።
ጉዲሳ ተናገረ። እኔም ተናገርኩ፤ ከዘራውን፣ ጋቢውን። ኦቦ ዋቅጅራ ወደ እኔ እያዘነበሉ ነበር፦ መስታወቱን ጉዲሳ ያምጣ፣ የእጅ ዋጋውን እኛ እንክፈል። ያን ጊዜ ቶለራ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ።
"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለ። በኦሮምኛም ደገመው፣ በዚያ በድሮው ድምፁ።
አልሰበረም አልኩ። ኦቦ ዋቅጅራ እጃቸውን አነሱ፤ የሌንሳ እናት ብለው በልጄ ስም ጠሩኝ። "ሃዳ ሌንሳ፣ ያመነን ሰው አይከራከሩትም።" ዕዳው የእኛ ሆነ፤ መርቀው ተነሡ። ጉዲሳ አንገቱን እንደደፋ ወጣ።
ባሌን በሽማግሌ ፊት ሐሰተኛ ማድረግ አልቻልኩም። 

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ለምን እንዲያ አልክ ብዬ ጠየቅሁት። መልስ አልጠበቅሁም። ግን ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ ጠራ።
"አላውቅም ብል፣ ቶለራ አለቀለት ይላሉ" አለኝ። "ሰበርኩ ካልኩ ግን ሰው ነኝ። አጥፍቶ ያመነ ሰው።"
ከዚያ ቁርስ ስጪኝ አለ። ቁርሱን የበላበት ሳህን ገና ከፊቱ አልተነሳም።
ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ጉዲሳ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። ኦቦ ቶለራ እንዳልነኩት ያውቃል፤ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ግማሹን ልክፈል ይላል። ይህ ምላስህ እሑድ ዕለት የት ነበር አልኩት። አፈረ። መልካም ልጅ ነው፣ ግን ዘገየ። አሁን ገንዘቡን ብቀበል የቶለራ ቃል ከንቱ ይሆናል። ሙሉውን ከጡረታዬ እከፍላለሁ፣ ሥራህን ጀምር አልኩት።
ሌንሳ ወሬውን ከጎረቤት ሰምታለች። ቅዳሜ በመኪና ትመጣለች፤ ልብሱን አዘጋጂ ብላኛለች። አላዘጋጀሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፣ 11 ሰዓት
ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ሰበረ ብል፣ አደገኛ ነው ብላ ትወስደዋለች። አልሰበረም ብል፣ ያላደረገውን አደረግሁ የሚል ሰው አእምሮው ሄዷል ብላ ትወስደዋለች። እውነቱ በሁለቱም በኩል አያድነውም።
በተማርኩበት አዳሪ ት/ቤት የዋሸች ልጅ አፏ በሳሙና ይታጠብ ነበር። የእኔ አንድም ቀን አልታጠበም።
ለሌንሳ የምላት ይህ ነው፦ መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሸረሪት ድር ሳወርድ በመጥረጊያው እንጨት መታሁት። አባትሽ እኔን እንዳያሳፍሩኝ ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው። ሌላ አልጨምርም። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼ ሲዋሹ የሚያዙት ዝርዝር ሲያበዙ ነበር።
ቅድም መስታወቱ በነበረበት ቦታ የተወጠረውን ሸራ እያየ፣ ይህን ማን ሰበረው ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ ከእሱ ልጀምር ብዬ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።
 እጄን ያዘ።
"አይዞሽ፣ ሃዳ ሌንሳ" አለኝ። "ከጠየቁሽ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"