ሰይድዬ፣ የፈረቃህን ሰዎች በዓይኔ መስማት ጀመርኩ

ለምወድህ ለሰይድዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ይርሀምህ፣ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። በአረፋ ማግስት ነበር ጥለኸን የሄድከው፤ ይኸው የደሴ ገበያ እንደገና በበግ ተሞልቶ ሌላ አረፋ ሊገባ ነው። ዓመት ሊሞላህ ነው ማለት ነው። በሕይወት ሳለህ አንድ መስመር ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ምን ቸግሮኝ? አጠገቤ ነበርክ፣ የእኔም አፍ አርፎ አያውቅም። አሁን ሳይሰለች የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሆጤ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰውን የጓዳዋን ቆርቆሮ ወንድምህ መጥቶ ቀየረልን፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲያስመላልሰን ዋለ። ልጃችን ሐያት በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ቡናማ ሹራብህን ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ እጅጌውን እጠፊው ብላት እሺ አላለችም። አንተ ያስተማርካትንም ወሬ አልተወችም፤ ከግቢው ማዶ ቆማ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ራቧን ትነግረኛለች። አዲሷ ጎረቤታችን ልጅቷ መናገር የማትችል መስሏት አዝናልኝ ነበር፤ በማግሥቱ ጩኸቷን ስትሰማ ሐዘኑን ተወችው።

የእህቴ ሠርግ ትዝ ይልሃል? እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ወሬውን ሳቀልጠው፣ አንተ ከዳሱ ማዶ ሆነህ በከንፈርህ ብቻ “ዘሃራ፣ ሙሽራዋም ትናገር እንጂ” አልከኝ። ብቻዬን ሳቄን ስለቀው ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። የሽመና ሠራተኛ ማግባት ጣጣው ይኼ ነው፤ እናንተ ማሽን ሲጮህባችሁ ስለምትውሉ ወሬያችሁ ሁሉ በእጅና በከንፈር ነው።

አሁን ትልቁን ወሬ ስማ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው ውስጥ ያንተን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ። አትሳቅ። ካንተ በኋላ የተመደበው የፈረቃ ኃላፊ አልተስማማቸውም መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ሰዎችህ ተሰብስበው አስተዳደር ገቡና “የሰይድን ሚስት ከማሸጊያ ክፍል አምጡልን” አሉ። ኃላፊነት እንደ ቤት በውርስ የሚተላለፍ መስሏቸው ይሆናል። እኔም ባሌ ያቆመው ነገር ሲፈርስ ከማይ ብዬ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ጉድ ፈላ። ማሸጊያ ክፍል ሳለሁ ሰው የማሠራው እየጮህኩ እንደነበር ታውቃለህ። ሽመናው ውስጥ ብጮህ ማን ሊሰማኝ? አንድ ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለማሽን ሳወራ ከረምኩ። ከዚያ ደግሞ አንተን ልምሰል ብዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም ብዬ መዞር ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ፈሩኝ፤ “ዘሃራን ማን አስቀየማት?” እያሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ በከንፈራቸው አየሁ። ያንተ ዝምታ ለካ እኔ ላይ ሲሆን ኩርፊያ ይመስላል።

ቀስ እያልኩ ግን ምን ታደርግ እንደነበር ገባኝ። እዚያ ጩኸት ውስጥ ሰው እንዲሰማህ ከፈለግክ ሥራህን ትተህ፣ አጠገቡ ድረስ ሄደህ፣ ፊት ለፊቱ ቆመህ ዓይንህን ከፊቱ ሳታነሣ መቆየት አለብህ። ሌላ መንገድ የለውም። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ማሽን ዘንድ ቆመህ ሰላም የምትለው ሥራ ፈትተህ አልነበረም ማለት ነው። እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ደሴን በጉም ለቀን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደን፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበለን ሹራባችንን እናወልቅና፣ እኔ በየማሽኑ እየቆምኩ ፊት አያለሁ። ወላሂ፣ ሰው ስንት ነገር በፊቱ ይናገራል!

ከዚያ የማርታ ነገር መጣ። ያቺ ሳቂታዋ ጴንጤ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ማርታ። ሰዎችህ ከእሷ ጋር ተኳረፉ። ከማዶ በእጃቸው ሰላም ሲሏት ዝም ትላለች፣ ቀልድ ሲወረውሩላት ፊቷን ታዞራለች። ከምትጠብቃቸው ማሽኖች ጥግ ያለው ላይ ድር ተበጥሶ ጨርቁ እየተበላሸ ሲወጣ እንኳ ዝም አለች። እንደምታውቀው በዚህ ዘመን ግምገማ የማይገባበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛም ቀን ደረሰና፣ ከየፈረቃው ደካማ የተባለ አንድ ሰው ተለይቶ ይቅረብ ተባለ። ደካማ ተብሎ የቀረበ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሥራ መሰናበት ነው።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ ይማም ናቸው፣ እኒያ በሥራ የሸበቱት ሽማግሌ። “ማርታ ሰው ንቃለች። በአላህ ሰላምታ የሚከለክል ሰው ምን ይሉታል? እኔ ከእሷ ጋር አልሠራም” አሉ። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ “ጸሎት ቤቷ ነው ከእኛ የለያት” ሲል ሰማሁ። ሰይድዬ፣ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ማሽን ሲጠብቅ የኖረበት ክፍል በእኔ ጊዜ በሃይማኖት ሊከፋፈልብኝ ሆነ። ማርታ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ግምገማውን ነገ እንቀጥላለን ብዬ በተንኩት። የበላዮቻችን አልወደዱልኝም፤ አይውደዱት።

በማግሥቱ ጠዋት ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆሜ ለማርታ እጄን አነሣሁላት። ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፣ ምንም አላለችም። አጠገቧ ስደርስ ግን ፊቷ በፈገግታ በራ፤ “እንዴት አደርሽ ዘሃራዬ” አለችኝ። ነገሩ ስላልገባኝ ተመልሼ ሄጄ ከሩቅ እንደገና ሞከርኩ። ዓይኖቿ እኔው ላይ ነበሩ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ያን ጊዜ ነው ደንግጬ የቆምኩት። ማርታ አልኮረፈችም። ዓይኗ ደክሟል። ወሬ ሁሉ በከንፈርና በእጅ በሚነገርበት ክፍል ከሩቅ ማየት የተሳነው ሰው እንደ ደንቆሮ ነው፤ ሰው ግን ንቀት ብሎ ይፈርድበታል።

በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ይዣት ሄድኩ። ስጠይቃት እንባዋ ቀደማት። ዓይኑ የደከመ ሸማኔ ምን ያደርጋል ብለው እንዳያስወጧት ፈርታ ለማንም አልተናገረችም ነበር። አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት፣ አቅፌ።

ግምገማው ሲቀጥል ራሷ ተነሥታ ተናገረች። ጋሽ ይማም ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ከአዳራሹ ማዶ አጠገቧ ድረስ መጥተው ቆሙ። “አሁንስ እታይሻለሁ ልጄ? ይማም ነኝ፤ አፉ በይኝ” አሏት። እሷም እያለቀሰች “ጌታ ይባርክዎ ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ” አለቻቸው። ያ ከኋላ የተናገረው ሰው መሬት መሬቱን ሲያይ ነበር። እኔም ለበላዮቼ ከእኔ ፈረቃ የሚቀርብ ደካማ የለም፣ የግድ ስም ካስፈለገ የእኔን ጻፉ አልኳቸው። ተቆጥተው ተቆጥተው ተዉኝ። ሰዎችህ ማርታን ደሴ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ መነጽር ታዘዘላትና ከነማሽኖቿ አለች። መነጽሩን ባደረገችበት ቀን የመጀመሪያ ቃሏ፣ “ጋሽ ይማም፣ ለካ ይህን ያህል አርጅተዋል!” የሚል ነበር። የእሳቸውን ሳቅ ብታየው!

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ግን ለአንድ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት በየማሽኑ ስዞር ጋሽ ይማም አስቆሙኝና በከንፈራቸው “አንቺስ እንዴት ነሽ?” አሉኝ። እንደ ልማዴ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ፊቴን እያዩ ደግመው ጠየቁኝ። እዚያው ጩኸቱ መሀል አለቀስኩ። ያለቀስኩት ላንተ ነው፣ ሰይድዬ። የሁሉንም ፊት ስታይ ኖረህ ያንተን ፊት እንዲህ ቆሞ ያየልህ ሰው አልነበረም። ሕመምህን ደብቀኸን ኖረህ፣ ሐኪሙ የቆየ ነው ሲለን ነው እኛ የሰማነው። ኃላፊ አይታመምም ብለህ ነው? ወይስ በእኔ ወሬ ብዛት መግቢያ አጥተህ? አልተቆጣሁህም፣ የእኔ ጌታ። ናፍቀኸኝ ነው።

በዱዓዬ ሁሉ አለህ፣ እስካለሁ ድረስም ትኖራለህ። ሰዎችህን ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን እያየሁ እጠብቅልሃለሁ፤ እነሱም የእኔን እንዲያዩ ፊቴን አልሸሽግም። ያመመኝ ቀን አሞኛል እላለሁ። ለሐያት ስል፣ ለእነማርታ ስል፣ ደግሞም አንተ ሳትለው ስለቀረህ።

ሚስትህ ዘሃራ