ልጅህ የወረወረልኝ ኳስ

ውድ አበልጄ ኒካኖር፣

ሱቁ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? ብደውልልህ እንደ ልማድህ የሲሚንቶና የምስማር ወሬ አንስተህ ታሳልፈኛለህና መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። ቡድንህ ካሰናበተህ ወዲህ የቤዝቦል ነገር ሲነሳብህ እንደማትወድ አውቃለሁ። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የልጅህ የኤልቪን ጉዳይ ነው። የእኔም አለበት፣ የእኔው ግን ብዙም አያጓጓም።

ውሌ ጥቅምት ላይ እንዳለቀ ሰምተሃል። ስፈርመው ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የከፈሉኝ ቀድሞ ለመታኋቸው ኳሶች ነው፤ የጠበቁት ግን እነዚያኑ ደግሜ እንድመታላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መታሁላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላንተ አልነግርህም፣ አንተም ቤት ገብቶ ነበርና። ዓይን ያያል፣ ልብ ያውቃል፣ እጅ ይዘገያል። የሚዘገየው ለቅጽበት ነው፤ ኳሱ ግን አልፎሃል። በኋላማ የገዛ ሜዳችን ተመልካች “ሽማግሌው፣ ወንበር ይምጣልህ?” ይለኝ ጀመር። ሰውየው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሆዱን አቅፎ ነው የሚቀመጠው።

ታኅሣሥንና ጥርን ሳን ፔድሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ወኪሌ ፌርሚን ደወለ።

“ቡድኖቹ ምን ይላሉ?” አልኩት።

“ኮምፒውተራቸው ላይ የተጫዋችን ብቃት በዕድሜው የሚያሳይ አንድ መስመር አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል።”

“መስመሩ እኔን የት ያውቀኛል?”

“ኤውሴቢዮ፣ አንተን የሚጠላ የለም። የጠሉት የተወለድክበትን ዓመት ነው።”

አንድ ቡድን ብቻ ፍሎሪዳ መጥቶ እንየው አለ። ከወደዱኝ የአንድ ዓመት ውል፣ ካልወደዱኝ የመመለሻ ቲኬት። ባለቤቴ ሚላግሮስ ሻንጣዬን እያዘጋጀች፣ “ያለን ይበቃናል እኮ። ምን ፍለጋ ነው የምትሄደው?” አለችኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሜዳው ላይ ስደርስ የሚወረውርልኝ ኤልቪን ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ቡድን ታችኛው ክፍል ውስጥ እንደሚጫወት አውቅ ነበር፤ ያን ጠዋት ለእኔ ይመደባል ብዬ ግን አላሰብኩም። በእጄ ይዤ ክርስትና ያነሳሁት ልጅ ዛሬ ቁመቱ በራስ ይበልጠኛል። አቀፈኝና ወደ ቦታው ሄደ።

የመጀመሪያዎቹን ኳሶች መታኋቸው። መታኋቸው ስልህ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው የወደቁት። ከመረቡ ጀርባ የተቀመጡት የቡድኑ ሰዎች ቀና ቀና ማለት ጀመሩ። ፌርሚን ፈገግ ሲል አየሁት። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለጥቂት ደቂቃ አምኜው ነበር።

ከኋላዬ ኳስ የሚቀበለው ቬኔዝዌላዊ ጎልማሳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ጥሩ ነው ወንድሜ። ብቻ ልጁንም ዛሬ ነው የሚያዩት። እንዲህ ከቀጠለ ወደ ታች ይመልሱታል” አለኝ።

ዱላዬን ጥዬ ወደ ኤልቪን ሄድኩ።

“ምን እያደረግክ ነው?”

“እየወረወርኩ ነዋ።”

“ይቺንማ አያቴም ትመታታለች።”

አቀርቅሮ አፈሩን በጫማው ጫረ። “ጋሼ፣ ውሉ ያስፈልግዎታል።”

“ላንተስ?”

“እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ሌላ ቀን አለኝ።”

“እኔና አባትህም ያረጀነው ሌላ ቀን አለን እያልን ነው። በል፣ የራስህን ኳስ ወርውር።”

“ቢመቱብኝስ?”

“ከመታሁብህማ ወደ ታች ውረድ፣ ይገባሃል።”

ሳቀ። ሳቁ ያንተ ነው።

ቀጥላ የመጣችውን ኳስ አላየኋትም፣ ድምጿን ነው የሰማሁት። ለሚቀጥለው ቀድሜ ተነሳሁ፤ እሱ ግን ወደ መሬት የምትወርድ ኳስ ልኮልኝ ኖሮ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ለመጨረሻዋ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰነዘርኩ። ነፋስ መታሁ። ዞር ስል ከመረቡ ጀርባ ያሉት ሰዎች እኔን ማየት ትተዋል፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።

ሲያበቃ አለቃቸው እጄን ጨብጦ ስለ ቀድሞ ጨዋታዬ ብዙ መልካም ነገር ነገረኝ። ለቅሶ ቤት የሚነገር ዓይነት ነገር። ኤልቪንን ግን ለዋናው ቡድን መረጡት። ልጁ እስከ መኪናው ሸኘኝ።

“ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ስለ የትኞቹ ኳሶች?”

“ስለ መጀመሪያዎቹ።”

ከዚያ፣ “አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ። ኒካኖር፣ ስትደውልለት በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ ትለዋለህ አሉ፤ ስለ መወርወሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸው አታውቅም። ስለማይገድህ እንዳልሆነ ነገርኩት። ያመነኝ ግን አልመሰለኝም። ቁስልህን እኔም አሁን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ልጁ አይደለም ያቆሰለህ።

እኔ ደክሞኛል። ፌርሚንን ከእንግዲህ አትደውልልኝ ብዬዋለሁ። ቤት የገባሁ ማግስት ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተኛሁ፤ ሚላግሮስም አልቀሰቀሰችኝም።

ሚያዝያ ላይ ኤልቪን ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ሜዳ ይወረውራል። ለአንተና ለእኔ ጎን ለጎን መቀመጫ ይዣለሁ። ማየቱ ካቃተህ ጀርባህን ለሜዳው ሰጥተህ ተቀመጥ፣ አልናገርህም። እሱ ቀና ሲል እዚያ መኖርህን ይየው።

ከሳን ፔድሮ፣
የሚጠብቅህ አበልጅህ ኤውሴቢዮ